ሆዱ ሞልቶ የሚርበው ሕፃን

ልጅዎ ስድስት ወር ሞላው እንበል። ከዚህ በኋላ የጡት ወተት ብቻውን አይበቃውም፤ በተለይ ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ክምችት እየተሟጠጠ ነው፣ የጡት ወተት ደግሞ ብረቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ አጥሚት ተሠራ፣ ቀጠን ተደርጎ በጡጦ ተሰጠው። ልጁ ጠጣ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ተኛ። ታዲያ ክብደቱ ለምን አልጨምር አለ?

ጥፋቱ ያለው ውሃው ላይ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። 100 ግራም ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። በዚህ ዱቄት አንድ ሊትር አጥሚት ሠሩ እንበል። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ፣ ጡት በደንብ የሚጠባ ሕፃን ከሌላ ምግብ በቀን ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። ይህን ለማግኘት ከዚያ አጥሚት 570 ሚሊ ሊትር ያህል መጠጣት አለበት። የ8 ኪሎ ልጅ ሆድ ግን በአንዴ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከሁለት ጊዜ በላይ ጢም ብሎ ይሞላል ማለት ነው፤ ለጡቱ ቦታ የት አለ? ዱቄቱን እጥፍ ቢያደርጉት ግማሹ ይበቃዋል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ማንኪያውን ዘንበል ሲያደርጉት ገንፎው ከፈሰሰ ቀጥኗል።

«ወፍራሙን እኮ አይውጥልኝም» ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ብቅል ይረዳናል። እህል ሲበቅል አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ያመነጫል፤ ይህም ገንፎውን የሚያወፍረውን ስታርች ይቆራርጠዋል። ገንፎው ከእሳት ወርዶ ትንሽ በረድ ሲል ጥቂት የብቅል ዱቄት ጣል አድርገው ቢያማስሉት፣ ጠብታ ውሃ ሳይጨመር በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥናል። እየፈላ ከጨመሩት ኢንዛይሙ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ከቀጠነ በኋላ ግን መልሰው ያፍሉት፤ ብቅሉ ጀርም ይዞ ሊሆን ይችላልና። (አይዞዎት፣ ጠላ አይሆንም።)

ብረቱን በተመለከተ፣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ማብቀልና ማቡካት ይህን ይቀንሳሉ። ምስሩ ላይ ትንሽ ሎሚ ጠብ ማድረግም ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። በደንብ የበሰለና የተፈጨ ጉበት ወይም ሥጋ ከተገኘማ ከሁሉም ይሻላል። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው በፍጹም አይስጡት፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ስምንት ዘጠኝ ወር ላይ ልጁ በጣቶቹ መልቀም ይጀምራል። ያኔ በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚፈርስ የተቀቀለ ድንች ወይም ካሮት፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ፊቱ ያስቀምጡለት። ቤቱን ያቆሽሻል፣ ይተዉት። ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ ግን ከእጁ ይራቁ። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ እርስዎም ከአጠገቡ አይጥፉ። እያሳለ ወይም ድምፅ እያሰማ ቢያቅለሸልሸው ራሱ እያወጣው ነውና ጣትዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ። ድምፁ ጠፍቶ መተንፈስ ካቃተው ግን ታንቋል፦ በክንድዎ ላይ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገው በደረቱ ያስተኙትና በትከሻ አጥንቶቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍዎ ይምቱት። ካልወጣ በጀርባው ገልብጠው በሁለት ጣት የደረቱን መሃል አምስት ጊዜ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቁ፣ ሌላ ሰው እርዳታ እንዲጠራ እየጮኹ።