በኹሉዕ የሚቀርና የማይቀር መብት

በግብጽ ባሏ አልፈታም ያላት ሚስት በደሏን በምስክር ለማስረዳት በፍርድ ቤት ደጃፍ ዓመታት ታሳልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ቁጥር 1፣ በአንቀጽ 20፣ መንገዱን አሳጠረው። ሚስት መህሯን መልሳ፣ የገንዘብ መብቷን ትታ፣ ትዳሩን እንደጠላችና የአላህን ወሰን እንዳትጥስ እንደምትፈራ ካረጋገጠች፣ ባል ባይስማማም ዳኛው እንዲያለያያቸው ደነገገ። ይግባኝም የለውም።

መጤ ሐሳብ ነው ያሉ ነበሩ። ሆኖም የሣቢት ኢብን ቀይስ (ረ.ዐ) ባለቤት ጸባዩንም ዲኑንም ሳትነቅፍ መለየት በፈለገች ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመህር የሰጣትን የአትክልት ቦታ እንድትመልስለት አድርገው እንዲፈታት ማዘዛቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ዑለሞች የተከራከሩት በኹሉዕ ላይ ሳይሆን ያለ ባል ፈቃድ በመፈጸሙ ላይ ነው።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። የተደበደበች ሚስት ምስክር ማፈላለግ ሰልችቷት በኹሉዕ ብትወጣ፣ ቀሪ መህሯንና የዒዳ ነፈቃዋን ታጣለች፤ በዳዩ አንዳች አይከፍልም። (በእኛም ሠፈር «ብቻ ይልቀቀኝ፣ ምንም አልፈልግም» የምትል እህት ብርቅ አይደለችም።) ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን ለኹሉዕ ከማጣደፋችሁ በፊት በበደል ክስ ልታገኝ የምትችለውን አስሉላት።

የልጆች ነገር ግን የተለየ ነው። ልጆችን የማሳደግ መብትም ሆነ ቀለባቸው የኹሉዕ ዋጋ እንዳይሆን ያው አንቀጽ ከልክሏል።