የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮድ ምን አገባው እንዳትሉኝ። እኔን እዚህ ነገር ውስጥ የከተተችኝ ጳጉሜን 6 ናት።

ባለፈው ክረምት ጭልሞ ደን አጠገብ ባለችው ጊንጪ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ሆኜ፣ የክፍላችንን የቆዩ ጽሑፎች የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ ልሠራ ተነሣሁ። ላራቬል የሚባለውን ፍሬምወርክ መረጥኩ። ፍሬምወርክ ማለት በድረ ገጽ ሥራ ላይ ሁልጊዜ የሚደጋገሙትን ነገሮች፣ ለምሳሌ የተጠቃሚ መግቢያንና ከመረጃ ቋት ጋር መገናኘትን፣ አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚሰጥ የኮድ ስብስብ ነው። ቪዲዮ እያየሁ ገለበጥኩ። በሁለት ቀን ገጹ ተከፈተ፤ ደረቴን ነፋሁ።

አንድ የቆየ ጽሑፍ ሳስገባ ግን ጉድ ፈላ። የወጣበት ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የኔ ገጽ "መስከረም 1 ቀን 2016" ብሎ ቁጭ! ለዜና ሰው ደግሞ የተሳሳተ ቀን የተሳሳተ ዜና ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፈረስኩ፣ ገነባሁ፤ ወይ ፍንክች።

ግቢ ስንመለስ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ጓደኛዬን ለመንኩት። ኮዱን አየና፣ "እስቲ ይቺን መስመር አንብብልኝ፤ ምን እያለች ነው?" አለኝ። ዝም አልኩ። "ጥፋቱ የላራቬል አይደለም። የገለበጥከው ኮድ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ናት ብሎ ነው የሚቆጥረው" አለና ላፕቶፑን ዘግቶ ወረቀት አወጣ።

ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ብቻ ጻፈልኝ። ቫሪያብል፦ ዋጋ የምናስቀምጥበት ስም። ኮንዲሽን፦ "ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን" የሚል ትእዛዝ። ሉፕ፦ አንድን ሥራ መደጋገሚያ። ፋንክሽን፦ ስም ተሰጥቶት በተጠራ ቁጥር የሚሠራ የኮድ ቁራጭ። መፍትሔው ከዚሁ ወጣ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍል፣ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ናት፣ ካልሆነ 5። 2015 ለ4 ሲካፈል 503 ደርሶ 3 ይቀራል። ያ ሁሉ ሁለት ሳምንት ለአንድ ኮንዲሽን!

ፍሬምወርክ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ጃንጎ የሚባለው ስመ ጥር ፍሬምወርክ የተወለደው ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ፣ ካንሳስ በሚገኘው ሎውረንስ ጆርናል ወርልድ ይሠሩ የነበሩት ኤድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን በፓይተን ቋንቋ መሥራት የጀመሩት ሲሆን በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ልብ በሉ፤ እነሱ ያሳጠሩት የሚያውቁትን ሥራ ነው። እኔ ላሳጥር የሞከርኩት ግን የማላውቀውን ነበር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ፍሬምወርክ ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች በባዶ ፒኤችፒ ወይም በፓይተን ተለማመዱ። ዓመት ሲሰጡት የጳጉሜን ቀናት ስንት እንደሆኑ የሚመልስ ትንሽ ፋንክሽን ጻፉ። ሳትገለብጡ ከጻፋችሁት ላራቬልም ጃንጎም አይከብዳችሁም።

ከ2015 ቀጥላ ጳጉሜን 6 የምትመጣው በ2019 ዓ.ም. ነው። የኔ ገጽ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፤ የናንተስ?