የጨረታ ዋጋና ያልታሰበ ነገር

በጋዜጣ የወጣ የጨረታ ማስታወቂያን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው፣ ማስከበሪያው በሲፒኦ ወይም በባንክ ዋስትና እንዲቀርብ፣ ኦርጅናሉና ኮፒውም በየፖስታቸው ታሽገው ከሣጥኑ እንዲገቡ ከታዘዘ በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው የምትለውን የታወቀች መደምደሚያ ሳያገኝ አይቀርም። መንግሥት ከነጋዴ ጋር ሲዋዋል እንደ እኩያ የማይቀርብ በመሆኑ፣ ሕግ አንደኛውን ደጅ ለተሸነፈው ተጫራች፣ ሁለተኛውን ደግሞ አሸንፎ ዋጋ ለከዳው ተቋራጭ አበጅቷል።

የመጀመሪያው ደጅ ቶሎ የሚዘጋ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 የተተካው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649፣ ቅር የተሰኘ ተጫራች ነገሩን ባወቀ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ እንዲያመለክት፣ በዚያ ካልረካም ወደ አቤቱታ አጣሪው ቦርድ እንዲሄድ ደንግጎ ነበር። ቀኑ ያጠረው አለምክንያት አይደለም፤ ውል ተፈርሞ መሠረት ከተቈፈረ በኋላ ፍትሕ ቢገኝ እንኳ ሥራውን ለባለመብቱ መልሶ መስጠት ጭንቅ ነው።

የሁለተኛው ታሪክ ይረዝማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የቦርዶን ከተማ በጋዝ የሚያበራው የፈረንሳይ ኩባንያ፣ ጋዙ የሚሠራበት የድንጋይ ከሰል የሚገኝባቸው አካባቢዎች አብዛኞቹ በጠላት እጅ በመውደቃቸውና የባሕሩም መንገድ በመታወኩ፣ በጃንዋሪ 1915 እ.ኤ.አ. አንዱን ቶን በ35 ፍራንክ ይገዛው የነበረውን ከሰል በማርች 1916 በ117 ፍራንክ ለመግዛት ተገደደ። ኩባንያው ዋጋ ይጨመርልኝ አለ፤ ከተማው ውሉን ገልጦ አሳየ። የአገሩ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት መጋቢት 21 ቀን 1908 ዓ.ም. ሲፈርድ፣ ኩባንያው መብራቱን እንዳያቋርጥ አዘዘና፣ ከልክ ያለፈውን ኪሳራ ግን ከተማው እንዲካፈለው፣ ኩባንያውም የራሱን ድርሻ እንዲሸከም በየነ። ፍርዱ አዲስ የውል ዋጋ አልተከለም፤ ኪሳራን አካፈለ እንጂ፤ ርትዑም በዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ውድድር ያለፈበት ዋጋ ኋላ በስምምነት የሚነሣ ቢሆን፣ እውነተኛውን ዋጋ ጽፎ የተሸነፈው ተጫራች ይበደል ነበርና።

ይህ ሐሳብ ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ባረቀቀው፣ በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 3183 ጀምሮ ሰፍሮ ይገኛል። በግለሰቦች መካከል የተደረገ ውል ግዴታው ቢከብድም እንደጸና እንዲኖር በአንቀጽ 1764 የተደነገገ ሲሆን፣ ከአስተዳደር ጋር የተዋዋለ ግን የሕዝብ አገልግሎት እንዳይቋረጥ ሲባል እርዳታ ይጠይቃል። እርዳታው ግን በሳጥኑ ውስጥ ሆን ብሎ የወረደ ዋጋ ከትቶ፣ ካሸነፈ በኋላ ማስተካከያ እጠይቃለሁ ብሎ ለተነሣው አይደለም፤ እርሱ አስቦበታልና ያልታሰበ ነገር ደረሰብኝ ሊል አይቻለውም። የፌሮና የሲሚንቶ ልማደኛ መዋዠቅም ከዚያው ነው የሚመደብ፤ ውሉ የዋጋ ማስተካከያ ቀመር ካለው ደግሞ አስቀድሞ የሚታየው ቀመሩ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሲመነዘር፣ አስቸጋሪው ነገር ለውጡን ያመጣው የውሉ ባላጋራ መንግሥት ራሱ መሆኑ ነው፤ ሕጉም መንግሥት በሥልጣኑ የሚያደርገውን ድርጊት ካልታሰበ ነገር ለይቶ ይመለከተዋል። ስለዚህ ተቋራጩ በየትኛው በኩል እንደሚከራከር ከመምረጡ በፊት፣ ጨረታው የተከፈተበትን ቀን ዋጋና ዕቃውን የገዛበትን ደረሰኝ ጎን ለጎን አሰናድቶ፣ ሥራውንም ሳያቆም፣ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል።