አድሚኑን ማን ያሠልጥነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ሰንበቴን ሲያልፍ አጣዬን፣ ቀጥሎም ከሚሴን ያገኛል። አጣዬ የሰሜን ሸዋ ናት፤ ሰንበቴና ከሚሴ ደግሞ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ናቸው። ገበያተኛው ግን ወሰን ለይቶ አያውቅም፤ እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ የሚወጣው አማራውም ኦሮሞውም አርጎባውም አፋሩም ነው። በዚሁ መስመር በመጋቢት 2011፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013፣ ከዚያም በጥር 2015 ደም ፈሷል። በሚያዝያው ግጭት የአጣዬ ከተማ አብዛኛው ክፍል ተቃጥሏል።

መንገድ ሲዘጋ ወሬ በስልክ ይመጣል። የሚመጣበትን የፌስቡክና የቴሌግራም ግሩፕ የሚጠብቀው ደግሞ ተማሪ ወይም ባለሱቅ የሆነ፣ አምስት ሳንቲም የማይከፈለው ወጣት ነው። አድሚን ይሉታል። የትኛው ጽሑፍ ይቆይ፣ የትኛው ይጥፋ፣ ማን ከግሩፑ ይውጣ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ስለ ጥላቻ ንግግር በየአዳራሹ ሥልጠና ሲሰጥ የሚጠራው ግን የቢሮ ኃላፊና ጋዜጠኛ ነው፤ ባነር ይሰቀላል፣ አበል ይከፈላል፣ «ብዝኃነት ውበታችን ነው» ተብሎ ይጨበጨባል። አድሚኑን የሚያስታውሰው የለም።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው እንበል። የተቃጠለ ቤት ፎቶና የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ግሩፑ ላይ ወደቀ። ድምፁ በኦሮምኛ ነው፤ አድሚኑ ከአማርኛ ሌላ አይሰማም። ካጠፋው «የኛን ሞት ደበቀ» ይባላል፤ ከተወው ደግሞ እስኪነጋ ሺህ ሰው ዘንድ ይደርሳል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ስብከት ሳይሆን ሙያ ነው። ፎቶውን ጠጋ ብሎ ቢያየው ከቤቱ ጀርባ ያለው ማሽላ አሽቷል፤ ወሬው ግን «ዛሬ ከሚሴ አጠገብ የተነሣ» ይላል፣ ወሩም ሚያዝያ ነው። በከሚሴ ቆላ በሚያዝያ የሚያሸት ማሽላ የለም። ይህን የትኛውም የኩባንያ ማሽን አይነግረውም፤ የአገሬው ገበሬ ግን በአንድ እይታ ይለየዋል። ድምፁን ደግሞ ቋንቋውን የሚሰማ፣ በዚያ ሰዓት ስልክ የሚያነሣ ሰው ካለ ይፈታዋል።

የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹን መጠበቅ የትም እንደማያደርስ አይተናል። የፌስቡክ ባልደረባ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2014 ለእንግሊዝ ፓርላማ ስትናገር ኢትዮጵያን በስም ጠርታ፣ ስድስት ቋንቋ ላላት የ100 ሚሊዮን ሕዝብ አገር የኩባንያው የደኅንነት ሥርዓት የሚሠራው በሁለቱ ብቻ ነው ብላለች። በዚያው ጥቅምት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና ፎቶአቸውን የያዙ ውንጀላዎች ፌስቡክ ላይ ሲዘዋወሩ እንደነበር ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ በተመሠረተው ክስ ገልጿል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ያለው በመጋቢት 2017 ነው።

ተከፋይ ባለሙያም ቢሆን ይስታል። በ2013 ክረምት ራያ ቆቦን በሚመለከት የወጣ የአማርኛ ጽሑፍ ያልተረጋገጠ ወሬ ይዞ ሲቪሎችን በብሔራቸው የግድያ ተባባሪ ያደርግ ነበር። የኩባንያው ገምጋሚዎች አነሡት፤ በኋላ ኩባንያው ራሱ መለሰው፤ የፌስቡክ ተቆጣጣሪ ቦርድ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 መጀመሪያ መነሣቱ ልክ ነበር ብሎ ወሰነ። ሕግ የሚያውቁ፣ ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች እንዲህ ከተምታታባቸው በወጣቱ አድሚን ምን እንፈርዳለን?

ሕግ አለን። የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል፤ ጥቆማ የደረሳቸው ኩባንያዎችም በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። በእኔ ግምት ግን አድሚኑን ከመርዳቱ ይልቅ የሚያስፈራራው ይበዛል። መንግሥት ሌላ መፍትሔ ሲያጣ ደግሞ ኢንተርኔቱን ይዘጋል፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ያኔ ወሬ ቀረ እንዴ? አልቀረም፤ የሚያጣራው ሰው ብቻ ነው የቀረው።

ከሚሴ ያለችበት ወሎ አድሚኖችን ለማሠልጠን መነሻ አያጣም። አበጋር የሚባለው ባህላዊ አስታራቂ ደም ሲያደርቅ የገዳይንም የሟችንም ወገን ሰምቶ ነው፤ ቃሉ የሚከበረው ሁለቱም ወገኖች ስለሚቀበሉት ነው። የአድሚኖች ሥልጠናም ከዚህ ቢነሣ ይሻላል። የአጣዬው አድሚን ከሰንበቴው ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ በየግሩፑ አማርኛም ኦሮምኛም የሚሰማ ሁለተኛ አድሚን ይኑር። ባለፉት ግጭቶች በእውነት የተለጠፉ ፎቶዎችና ድምፆች ይቅረቡና የትኛው ስድብ፣ የትኛው የግድያ ጥሪ፣ የትኛው ደግሞ የተበደለ ሰው እሮሮ እንደሆነ አብረው ይለዩ። እሮሮን እንደ ጥላቻ ማጥፋት ራሱ ቂም ያተርፋል። ሲለያዩም አንዱ የሌላውን ስልክ ይዞ ይሂድ።

ቀጣዩን ሥልጠና የሚያዘጋጅ ቢሮ ወይም ድርጅት ካለ የተሳታፊዎቹን ዝርዝር ከግሩፖቹ ይጀምር። ኃላፊዎቹ ይቆዩ፤ አዳራሹም ከሚሴ ይሁን።