ጥልቀት የሌለው ሐይቅ አደጋ፦ የዝዋይ አስጋሪዎች ደኅንነት

የዝዋይ ሐይቅ ከመቂና ከከታር ወንዞች ውኃ ተቀብሎ ትርፉን በአዳሚ ቱሉ በኩል በሚያልፈው የቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ሐይቅ የሚልክ፣ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። የጥልቀቱ ማነስ ብዙዎችን ያዘናጋል፤ ሆኖም 2.5 ሜትር ውኃ ማንንም ቆሞ የማያስተነፍስ ከመሆኑም በላይ፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ በነፋስ ሲመታ አጭር፣ ቀጥ ያለና እርስ በርሱ የተቀራረበ ማዕበል ስለሚያነሣ፣ ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወጣ ሌላው ይደርስባትና ትሞላለች።

ነፋሱም ሰዓት አለው። ጠዋት ሐይቁ በአብዛኛው የረጋ ሲሆን፣ ከቀትር በኋላ ግን የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ አየሩ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው አስጋሪ መረቡን አንሥቶ ከቀትር በፊት ወደ ዳር መመለስን ይመርጣል። በደሴቶቹ፣ ማለትም በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ፣ ለዘመናት የኖረው የዛይ ሕዝብ ወደ የብስ ለመሻገርም ሆነ ለመገበያየት ሕይወቱ ከጀልባ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ይህን የውኃውን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ከነፋሱ ለመሸሽ የሚመረጠው ንጋት ከሌላ አደጋ ጋር ያጋጥማል። ቆሮሶ ለመያዝ የሚዘረጋው መረብ፣ ዓሣው ሊያልፍ ሲሞክር በስንጥቡ የሚይዘው፣ ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ተጥሎ ሲነጋጋ ይነሣል፤ ጉማሬም ሲመሽ ወደ ዳር ወጥቶ ሣር ሲግጥ አድሮ ሲነጋጋ ወደ ውኃው የሚመለስ እንስሳ ነው። ሰውና ጉማሬ ስለዚህ በአንድ ሰዓት፣ በዳሩ ደንገልና ሸምበቆ መካከል ባለች አንድ ጠባብ መተላለፊያ ይገናኛሉ። ጉማሬው ከሁሉ ይልቅ የሚቆጣው ከውኃው የሚለየው ነገር ሲመጣበት ወይም ከግልገሉ ጋር ሳለ ሲቀርቡት በመሆኑ፣ ብርሃኑ ሳይገለጥ በደንገሉ መካከል አለመቅዘፍ፣ ውኃ ውስጥ የተነከረው እንስሳ ሰምቶ ራሱን እንዲያሳይ የጀልባዋን ጎን በመቅዘፊያ ደጋግሞ መምታት፣ ከታየም በሩቁ ዞሮ ማለፍ ይገባል። ጎን መምታቱ በዛምቤዚ ወንዝ ታንኳ ቀዛፊዎች ዘንድ የተለመደ ነው።

እንደ ፊንላንድና ካናዳ ባሉ፣ ሐይቆቻቸው በብርዱ ወራት ወደ በረዶ በሚለወጡባቸው አገሮች፣ በረዶ ቀድደው የሚያሰግሩ ሰዎች የበረዶውን ውፍረት ሳይለኩ እንዳይራመዱበት ይመከራሉ። በዝዋይ የሚለካ በረዶ የለም፤ መለካት የሚቻለው ሰዓቱ፣ ነፋሱና የጀልባዋ ጭነት ነው። አደጋው የዝዋይ ብቻ አይደለም፤ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል፤ አብዛኞቹም በአነስተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የነበሩ ናቸው።

ዝግጅቱ ውድ አይደለም። የነፍስ አድን ጃኬት ባይገኝ እንኳ፣ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ከጀልባዋ ጋር ቢታሰር፣ ሰው ይዞት ሊንሳፈፍበት ይችላል። ስልክን ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ መጠቅለል፣ ፊሽካ መያዝ፣ የመመለሻ ሰዓትን በዳር ላለ ሰው ነግሮ መሄድ፣ ብቻን አለመሄድ፣ እንዲሁም ጀልባዋ ብትገለበጥ ወደ ዳር ለመዋኘት ከመሞከር ይልቅ ጀልባዋን ይዞ መቆየት ነፍስ ያተርፋሉ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በዋነኛነት ያተኮረው ሀብቱ ከመጠን በላይ እንዳይሰገር በመጠበቅ ላይ ሲሆን፣ ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የመረቡ ዓይን ስፋት የሚመረመርበት ሐይቅ የአስጋሪው ሕይወትም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ የነፍስ አድን ጃኬት መኖር አብሮ ቢጠየቅ፣ የአስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ጃኬቱን በጅምላ ገዝተው ከዓሣው ሽያጭ ቀስ በቀስ እንዲከፈል ለአባሎቻቸው ቢያቀርቡ፣ ሸክሙ በአንድ ድሃ አስጋሪ ትከሻ ላይ ብቻ አይወድቅም።