እግርና እንዝርት፦ ስለ ፈትል ሥራ አጭር ማብራሪያ

በኮሎምበስ ከተማ፣ በአንድ የእጅ ሥራ ትርዒት ላይ፣ አንዲት አሜሪካዊት በእግር በሚረገጥ መንኮራኩር የበግ ጠጉር ስትፈትል ተመለከትን። አብረውን ከነበሩት ወገኖቻችን አንዱ፣ «ይህ መሣሪያ ለእናቶቻችን ቢደርስ ኖሮ ስንቱን ድካም ባቀለለላቸው!» አሉ። ሐሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን መሣሪያውን ወደ አገር ቤት እንላክ ከማለታችን በፊት፣ እግር ለፈትል ምን እንደሚጨምር፣ ከፈታይዋስ ምን እንደሚጠይቅ ለይቶ መረዳት ይገባል።

በአገራችን ጥጡ በመዳመጫ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ደግሞ በአመልማሎ ይጠቀለላል። ፈታይዋ አመልማሎውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እንዝርቷን በጭኗ ላይ ታሾራለች። ክሩ ሲከርር ሥራዋን ገታ አድርጋ በእንዝርቱ ላይ ትጠቀልለዋለች፤ እንደገናም ታሾራለች። ጊዜዋ በማሾርና በመጠቅለል መካከል ይቆራረጣል ማለት ነው።

የአውሮፓ መንኮራኩር መጀመሪያ በእጅ የሚዞር ነበር። ክሩን እያከረረ ወዲያው የሚጠቀልለው ክፍል በ15ኛው መቶ ዘመን ታወቀ፤ የእግር መርገጫው በ16ኛው መቶ ዘመን ገደማ ተጨመረ። እንደ ሲንጀር የስፌት መኪና ሁሉ እግር ሲያዞር ሁለቱም እጆች ነፃ ይሆናሉ፤ ሥራውም አይቋረጥም።

እግር ለእኛም የሸማ ሥራ እንግዳ አይደለም። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ድሩን በእግሩ ይከፍታል፤ በእጁም መወርወሪያውን ያሳልፋል። ታዲያ እግር ሸማኔውን ሲያገለግል ፈታይዋን ስለ ምን አላገለገለም? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የሥራ ክፍፍሉ ነው። ሸማኔው ቀኑን ሙሉ ከሸማው ጋር ይውላል። ፈታይዋ ግን ወጥ ሠርታ፣ ልጅ አዝላ፣ ቡና እስኪፈላ እንዝርቷን ከሙዳይዋ ታወጣለች። እንዝርት ባለቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ መንኮራኩር ግን ባለቤቱን አጠገቡ ያስቀምጣል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መፍተል ከወይዛዝርት ጀምሮ የተከበረ ሙያ ነበር፤ ይሁን እንጂ «በትርፍ ጊዜ» የተሠራ ስለ ተባለ ድካሙ በቅጡ አልተተመነም።

በኋላ ፋብሪካ መጣ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ዛሬ በብዙው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ድር ተወጥሮ ስለሚሠራበት ጠንካራና እኩል መሆን አለበትና። ለሸማው ልስላሴ የሚሰጠው ማጉ ግን በእጅ የተፈተለ ሲሆን ይመረጣል። የፈታይዋ ገበያ በከፊል ተወስዶ የቀረላት ማጉ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ መንኮራኩሩ መፍተልን የሙሉ ጊዜ ሥራቸው ላደረጉ፣ የመሣሪያውም ባለቤት ለሚሆኑ ሴቶች ሊጠቅም ይችላል። በብዛት ከፋብሪካ ጋር ለመወዳደር ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ከመሣሪያው የሚቀድመው ዋጋው ነው። በየበዓሉ ከአገር ቤት ነጠላ የምናስመጣ እኛ ስለ ጥለቱ ብቻ እንጠይቃለን። ማጉ በእጅ የተፈተለ መሆኑንም እንጠይቅ፤ ከሆነም ልዩነቱን ሳንከራከር እንክፈል፤ ከዚያም ከዋጋው ለፈታይዋ ስንት እንደሚደርሳት እንመርምር።