ለዓይን ያዝ ሲያደርግ
ለአየር ጠመንጃ የሚሆን መነጽር ስለ መምረጥ

በእንግሊዝ አገር ገጠር ጀምበር ጠልቃ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጥንቸል ከጕድጓዷ ወጥታ በአጥር ሥር ሣር መጋጥ ትጀምራለች። ለገበሬው ቡቃያ አጥፊ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የተባይ ሕግም ባለመሬቱ ጥንቸልን እንዲቀንስ ወይም ጉዳት እንዳታደርስ እንዲከላከል ያዝዘዋል። ስለዚህ በአየር ጠመንጃ የሚያድን ሰው የባለመሬቱን ፈቃድ ይዞ፣ ከቍጥቋጦ ሥር አድፍጦ የሚጠብቃት በዚሁ ሰዓት ነው። ችግሩም ከዚህ ይነሣል፤ አውሬዋ የምትወጣበት ሰዓትና የሰው ዓይን የሚደክምበት ሰዓት አንድ ሆነዋልና።

የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም፤ ትንሿን የእርሳስ ጥይት የሚገፋት የታመቀ አየር ብቻ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው የአየር ጠመንጃ ኃይሉ ከ16 ጁል ገደማ አይበልጥም፤ በስኮትላንድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለዚህም ቢሆን የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ይህን በሚያህል ጥቂት ኃይል ጥንቸልን ወዲያው መግደል የሚቻለው ራሷን በመምታት ነው፤ ለዚያ የሚሆነውም ስፍራ 3 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ቢኖረው ነው። ጥይቱ ሆዷን የመታ እንደ ሆነ እየተጐተተች ወደ ጕድጓዷ ትገባና በዚያ ተሠቃይታ ትሞታለች። እንግዲህ የመነጽሩ ጕዳይ የጌጥ ጕዳይ አይደለም።

ወጣቱ ገዢ ወደ መደብር ሲገባ በየመነጽሩ ላይ 4×40፣ 6×42፣ 3–9×40፣ 8×56 የሚሉ ቍጥሮች ተጽፈው ያገኛል። የፊተኛው ቍጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጐላ፣ የኋለኛው የፊቱ መስታወት ስንት ሚሊሜትር ስፋት እንዳለው ያመለክታል። አብዛኛው ሰው ትልቅ ቍጥር ያለበትን አንሥቶ ይሄዳል፤ ሻጩም አይከለክለውም። ነገር ግን በምሽት ጊዜ ዋናው ቍጥር በመነጽሩ ላይ ያልተጻፈው ሦስተኛው ቍጥር ነው። ይኸውም የመስታወቱ ስፋት በማጕሊያው ሲካፈል የሚገኘው ነው። መነጽሩን በክንድ ርቀት ይዞ ወደ ሰማይ ያቀና ሰው በኋላው መስታወት ላይ ትንሽ ክብ ብርሃን ያያል፤ የዚያች ክብ ስፋት እርሱ ነው። ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ሁሉ በእርሷ በኩል ያልፋል።

የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ ጊዜ እስከ 7 ሚሊሜትር ገደማ ይከፈታል። 4×40 የሆነው መነጽር 10 ሚሊሜትር ክብ ይሰጣል፤ 4×50 የሆነው ደግሞ 12 ተኩል። ሁለቱም ከብሌኑ ስለሚሰፉ ትርፉ ብርሃን በብሌኑ ዙሪያ ፈስሶ ይቀራል፤ ስለዚህ ለትልቁ መስታወት የተጨመረው ገንዘብ በምሽት አንዳች አላተረፈም። በአንጻሩ 12×40 የሆነው የሚሰጠው 3.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የምስሉም ድምቀት 7 ሚሊሜትር ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር ሩብ እንኳ አይሞላም። ጥንቸሏ ትልቅ ሆና ትታያለች፤ ግን ትልቅ ጥላ ናት። 6×42 ልክ 7 ይሆናል፤ 3–9×40ም ወደ 6 ቢመለስ 6.7 ይሰጣል። በእኛ አስተያየት ለዚህ ሥራ ከእነዚህ ከሁለቱ የራቀ መሄድ አያስፈልግም። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ብሌኑ ብዙውን ጊዜ ወደ 5 ሚሊሜትር ስለሚጠብብ፣ ለልጁ የሚጠቅመው 8×56 ለአባት ክብደቱ ብቻ ይተርፈዋል።

ጠመንጃ የመያዝ አሳብ የሌላቸው አንባቢዎቻችንም ይህን ስሌት ቢያውቁት አይጐዳቸውም። በባሌ ተራሮች ማለዳና ማታ የደጋ አጋዘን ለማየት የሚሄድ ተማሪ፣ ለኪስ የሚመች 10×25 የሆነ የሁለት ዓይን መነጽር ቢይዝ 2 ተኩል ሚሊሜትር ክብ ብቻ ያገኛል፤ 8×42 ቢይዝ ግን ከ5 በላይ ነው።

ከስፋቱ ቀጥሎ የመስታወቱ ጥራት ይመጣል። ያልተቀባ መስታወት ብርሃን በገባበትም በወጣበትም ፊት ከመቶ 4 ያህሉን ያንጸባርቃል። በአንድ መነጽር ውስጥ ዐሥር እንዲህ ያሉ ገጾች ቢኖሩ ከመቶው ብርሃን 66 ያህሉ ብቻ ዓይን ዘንድ ይደርሳል። መፍትሔውን ያገኘው በጀርመን አገር በካርል ሳይስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው የዩክሬን ተወላጅ አሌክሳንደር ስማኩላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 መስታወቱን እጅግ ሥሥ በሆነ ቅብ በመሸፈን ነጸብራቁን ቀነሰው። ዛሬ ደኅና መነጽር ሁሉ ደራርቦ የተቀባ ነው። አምራቹ «ሁሉም ገጽ በየፊናው ደጋግሞ ተቀብቷል» ሲልና «ተቀብቷል» ብቻ ሲል ልዩነት ስላለው፣ ጽሑፉን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚስትበት ነገር እንምጣ። ለባሩድ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 100 ሜትር ርቀት ተስተካክሎ ይወጣል፤ የአየር ጠመንጃ አዳኝ ግን የሚተኵሰው በ25 ወይም በ30 ሜትር ነው። ርቀቱ ካልተስማማ፣ ዓይን ከመነጽሩ መካከል ትንሽ ሲዛነፍ መስቀለኛው ምልክት በዒላማው ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። መስታወቱ 40 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ ለ100 ሜትር የተስተካከለው መነጽር በ25 ሜትር ላይ እስከ 15 ሚሊሜትር ሊያሳስት ይችላል። ከላይ የተናገርነው ስፍራ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 15 ሚሊሜትር መሆኑን ልብ ይሏል። በምሽት ደግሞ ጕንጭ በሰደፉ ላይ በትክክል መቀመጡ አይታወቅም። ስለዚህ ርቀቱን እስከ 10 ሜትር ድረስ የሚያስተካክል ቀለበት ያለውን መነጽር መግዛት ይሻላል። መስታወቱ እጅግ ሰፊ ሲሆንም መነጽሩ ከበርሜሉ ከፍ ብሎ ስለሚታሰር ጕንጭ ከሰደፉ ይነሣል፤ ይኸው ስሕተት ይብሳል።

በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ያለው ሰው ሌላም ነገር መጠየቅ አለበት። ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይመታል፤ ፒስተኑ ከጫፍ ሲደርስ ደግሞ ወደ ፊት ይወረወራል። ወደ ኋላ የሚመጣውን ምት ብቻ እንዲችል የተሠራ መነጽር፣ ለትልቅ አውሬ ጠመንጃ ጽኑ የነበረ እንኳ ቢሆን፣ በዚህ ሁለት ዐይነት ምት ውስጡ ይላላል። አስቀድሞ በታመቀ አየር የሚሞላው ጠመንጃ ግን ምቱ ከቍጥር የሚገባ አይደለም።

ቀጭን ጥቍር መስቀል በጨለመ ቍጥቋጦ ላይ ይጠፋል፤ ወፈር ያለ ክንድ ያለው፣ ወይም በመካከሉ ቀይ ነጥብ የሚበራለት ይመረጣል። ነጥቡ ግን እስኪደበዝዝ ድረስ ዝቅ ሊል የሚችል መሆን አለበት። ዓይን ጨለማን ሊለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ድምቀቱ የበዛ ነጥብ ወይም የስልክ ብርሃን ያን ሁሉ በቅጽበት ያጠፋዋል።

በዛሬው ጊዜ በሙቀት የሚያዩ የኤሌክትሪክ መነጽሮችም አሉ፤ ዋጋቸው ከጠመንጃው ይበልጣል፤ ለአደን መዋላቸውን የሚከለክሉም አገሮች አሉ። ሙቀት ያለው ነገር በዚያ እንዳለ ያሳያሉ፤ ጥንቸል ይሁን የጎረቤት ድመት ለይቶ የማወቁ ሥራ ግን ለባለ ጠመንጃው ይቀራል። በመስታወቱም መነጽር ቢሆን ዓይኗና ጆሮዋ ተለይቶ ካልታየ ቃታ አይሳብም።

መነጽር በመደብር መብራት ሲታይ ሁሉም ጥሩ ነው። ስለዚህ ገዢው ሁለት ሦስቱን ይዞ ሲመሽ ወደ ደጅ ለመውጣት ባለ ሱቁን ያስፈቅድ፤ ሁሉንም በአንድ ማጕሊያ አድርጎ ከአጥር ሥር ወዳለው ጨለማ ይመልከት። በሰማዩ ላይ ሳይሆን በዚያ ጥላ ውስጥ ቅጠል ከቅጠል እስከ መጨረሻ የሚለየውን እርሱን ይግዛ።